«የለም» ብዬ የሞላሁት ጥያቄ

ውድ አይዳ፣

በእናትሽ ቀብር ዕለት አንገቴ ላይ ተጠምጥመሽ «መቅዲዬ፣ እኔ ሐዋሳ ተቀምጬ፣ አንቺ ባትኖሪላት ምን ይውጣት ነበር?» ብለሽ አለቀስሽ። እኔም አለቀስኩ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር፤ አልቻልኩም። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ዛሬ እየጻፍኩልሽ ነው።

እንደምታውቂው ሁለት ዓመት በነርስነት የሠራሁት ውፍረትና ስኳር አብረው ባሉባቸው ሰዎች ላይ በሚካሄድ ጥናት ነው። እናትሽን፣ እትዬ ሠርካዲስን፣ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ሽሮ ሜዳ ነጠላ ሲሸጡ ቀኑን ሙሉ ከተቀመጡበት አይነሱም ነበር፤ ክብደታቸው ዘጠና ስምንት ኪሎ፣ ስኳራቸው ከሦስት መቶ በላይ። ጥናቱ መድኃኒቱን በነጻ ስለሚሰጥ መርቀውኝ አልጠገቡም። በየሦስት ወሩ እመዝናቸዋለሁ፣ ደም እወስዳለሁ፣ መጠይቁን እሞላለሁ።

መጠይቁ ስለ ቃርና ስለ መዋጥም ይጠይቃል። ወፍራም ሰው ቃር ለዓመታት ካሠቃየው ምግብ የሚወርድበት ቧንቧ ሊቆስል፣ ሲብስም ካንሰር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መዋጥ ያስቸገረው ሰው ከጥናቱ ወጥቶ ቶሎ በኢንዶስኮፒ፣ በጉሮሮ በሚገባ ካሜራ፣ እንዲታይ ታዘናል።

ባለፈው ጥቅምት ጥያቄውን ሳነብላቸው «እህሉ ደረቴ ላይ ይቆምብኛል፤ በውኃ ነው የማወርደው» አሉኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፍልሰታ ወዲህ። ምነው፣ ያስወጣል እንዴ?»

«ያስወጣል፣ እትዬ። ሌላ ምርመራ ነው የሚልኩዎት።»

እጄን ያዙኝ። «ተይ ልጄ፣ የለም ብለሽ ጻፊልኝ። መድኃኒቱን ከየት ላመጣው ነው? ቃር ማንን ገደለ? ለአይዳም እንዳትነግሪያት፤ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች።»

«የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ስላዘንኩላቸው ብቻ ነው ብልሽ እዋሻለሁ። በዚያ ወር ሦስት ሰዎች አቋርጠውብን፣ አስተባባሪያችን ዶክተር ኑሕ ሰው እንዳይጎድል ይጨቀጭቀን ነበር። እሳቸው ሲለምኑኝ ቀለለኝ።

ከዚያ መክሳት ጀመሩ። ጥር ላይ ሰማንያ ስድስት፣ ሚያዝያ ላይ ሰባ አራት። ስኳራቸውም ወረደ። ስብሰባችን ላይ የእሳቸው ቁጥር ግድግዳው ላይ በርቶ ተጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ፎቷቸውን ስልክልሽ «እማዬ ወጣት ሆነች!» ብለሽ ነበር የመለስሽልኝ። እኔ ግን ቀሚሱ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከሻይ በቀር የሚቀምሱት ሲጠፋ እያየሁ ነበር። ደግሜ አልጠየቅኳቸውም፤ ጥርም ሚያዝያም መጠይቁ ላይ ሳልጠይቃቸው «የለም» ብዬ ሞላሁ፤ መልሱን ፈራሁት።

ሰኔ ላይ ሻዩም አልወርድ ሲላቸው ወሰድኳቸው። ካሜራው ቧንቧቸውን ማለፍ አቃተው። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶ «ካንሰር ነው፤ ቀዶ ሕክምና የሚሆንበት ጊዜ አልፏል። እስካሁን አንድም ሰው ስለ መዋጥ አልጠየቃቸውም?» አለኝ። መጠይቁን የሞላሁት እኔ መሆኔን አልነገርኩትም።

ሊሞቱ ሳምንት ሲቀራቸው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ «የዚያን ቀን ነገር ለማንም አታውሪ። እኔ ነኝ የለመንኩሽ» አሉኝ። እንዲህ ብለው ሊያሳርፉኝ ፈልገው ነው። ግን አይዳ፣ የታመመ ሰው ይለምናል። እምቢ ማለት የእኔ ሥራ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ለዶክተር ኑሕ ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና «ሌላስ? ሌላ ሰው ላይ አድርገሽዋል?» አለኝ። አላደረግኩም። በዚያኑ ቀን ከሥራ ታገድኩ። አሁን ተሳታፊዎቹ በሙሉ እንደገና እየተጠየቁ ነው። አንድ ሸማኔ «እኔም እንዳልወጣ ደብቄያለሁ» ብለው ለምርመራ መላካቸውን ሰምቻለሁ። ውጤታቸውን የሚነግረኝ የለም።

ቃሌን በጽሑፍ ፈርሜ ሰጥቻለሁ። ልክሰስ ካልሽ፣ የትም ቆሜ ያንኑ እደግመዋለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ አላስጨንቅሽም።

ለአርባቸው እመጣለሁ። ከግቢው በር ውጪ እቆማለሁ፤ ግቢ ካላልሽኝ አልገባም።

መቅዲ
ጉለሌ