ሬዲዮኑን አስጠፊው

ይድረስ ለምሳሳልሽ ልጄ፤

ፈጣሪ በወጣሽ በገባሽ ቁጥር ከጎንሽ አይለይ። እንደምን ከረምሽልኝ? እኛ ደህና ነን። የጓዳው ጣሪያ ዘንድሮም ያፈሳል፤ አባትሽ ነገ ነገ እያለ ነው።

ያገለገለ መኪና ልትገዢ መሆኑን እህትሽ ስትነግረኝ ክው ብዬ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር እበረግጋለሁ። አጎትሽን እግሩን ያሰበረው እኮ ይሉኝታው ነው። መኪና ሊገዛ ሲሄድ ሻጩ፣ ሲነሳ ማስቸገሩ እንዳይታወቅበት ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ጠበቀው። ሊሞክራት ሲነዳ ደግሞ "ዘፈን ትወዳለህ?" ብሎ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ለቀቀው። አጎትሽ ፍሬኑ ሲያፏጭ ሰምቷል! ግን ሰውየው እንዳይቀየመው ብሎ "ድምፁን ቀንስልኝ" እንኳ ሳይል፣ ፍሬኑንም ጠበቅ አድርጎ ሳይረግጥ መኪናዋን ገዛ። በሳምንቱ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው። ይኸው ዛሬም በምርኩዝ ነው የሚሄደው።

አንቺ ደግሞ ቁርጥ አጎትሽን ነሽ። ሻጯ እንዳይከፋት ብለሽ የጠበበሽን ጫማ የገዛሽ ልጅ!

ስለዚህ ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሺና ራስሽ አስነሺው። ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ንጂ። ጭር ያለ መንገድ ስታገኚ መሪውን ላላ አድርገሽ ያዢና መኪናዋ ወደ ጎን ትስብ እንደሆነ እዪ። ፍሬኑን ደጋግመሽ ርገጪ። ከፈለገ ይቀየም!

ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። የምትሞክሪያት ዕለት ደውዪልኝና ስልኩን ወንበሩ ላይ አስቀምጪው። ሬዲዮኑን አጥፋ ለማለት ካፈርሽ "እናቴ ናት ያለችው" በዪው። እኔ ትንፍሽ አልልም። መኪናዋ ፍሬን ይዛ ስትቆም ብቻ ልስማት።

እናትሽ