ቦዲል ያደሰችው ብሮውዘር

ስቬንቦርግ፣ ሰኞ ኖቬምበር 17 ቀን 2025

ለምወድሽ ልጄ ለሲሰል፣

በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ሲደርስሽ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። አትደንግጪ፤ የሞተ ሰው የለም፣ ቤቱም እንደቆመ ነው። ጥጋችን ላይ የነበረው ቀዩ የፖስታ ሣጥን ተነቅሏል፤ ስለዚህ ይህን ወስጄ የምሰጠው ለኪዮስኳ ሴትዮ ነው። አሁንም ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አለ እንዴ ማለቷ አይቀርም፣ ትበል። እሑድ ስንደዋወል እንዳልነግርሽ እናትሽ ከጎኔ ናት፣ ሁሉንም ትሰማለች። እሷ እየሰማች ስለ እሷ ማውራት አልችልበትም።

ባለፈው ለገና ልምጣ ወይስ ለበጋ ብለሽ ስትጠይቂኝ ለበጋ ይሁን አልኩሽ። ያኔ ቀኑ ረጅም ነው፣ ባሕሩም ይሞቃል አልኩ። እማዬስ ስትይኝ ደግሞ ትንሽ ትረሳለች እንጂ ደህና ናት ብዬ አለፍኩት። አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

መጀመሪያ፣ ሰሞኑን እሑድ እሑድ የት ጠፋችሁ ላልሽው። ኢንተርኔቱ ነው ያልኩሽ ውሸት አልነበረም፤ ግን ኢንተርኔቱ ብቻም አልነበረም። እንደምታውቂው በቤታችን ኮምፒዩተር የእናትሽ ግዛት ነበር። የጡረታው ደብዳቤ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ማሳሰቢያ ሁሉ በእሱ ነው የሚመጣው፤ ከፍታ የምታነብልኝ እሷ ነበረች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጀልባ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የሚሠራ ነገር አይነካም ባይ። ኢንተርኔት የምንከፍትበት ብሮውዘር አርጅቻለሁና አድሰኝ ባለ ቁጥር "ቆይተህ አስታውሰኝ" የሚለውን እጫንለታለሁ። እኔም አርጅቻለሁ፣ እኔን ማን አደሰኝ እለዋለሁ። አንድ እሑድ ግን አንቺን ልንጠራ ስንል ገጹ ጭራሽ አልከፈት አለ። በዚህ ብሮውዘር አልሠራም የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው ያለው። እናትሽ ፀጉሯን አበጥራ፣ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ ባዶውን ስክሪን ስታይ ቆየችና ተነስታ ሄደች።

ለምን እንዳስጨነቀኝ ልንገርሽ። እናትሽ እኔን መለየት ካቆመች ሰንብታለች። ሁልጊዜ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ደህና ናት፣ ጥቁር ዳቦዬን ቆርጣ ቅቤ ትቀባልኛለች፣ ጎረቤት ታማለች። ከሰዓት በኋላ ግን ማሞቂያውን ሊጠግን የመጣ ሰውዬ ነኝ። አልጨረሱም እንዴ ትለኛለች፣ ያውም በትህትና። አንቺን ግን ስክሪኑ ላይ ስታይ ፊቷ ይፈካል፣ "ሲሰል" ትላለች። በሳምንት አንድ ቀን ስምሽን ስትጠራ ከሰማሁ ሳምንቱን እገፋዋለሁ። ያ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ።

ስለዚህ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሐሙስ ዕለት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። እናትሽ ለስንት ዓመት ጡረተኞችን ኢንተርኔት ያስተማረችበት ያው ክፍል ነው። እሷ በነበረችበት ዘመን ደጃፉን ረግጬ አላውቅም። አሁን የሚያስተምረው ኤስቤን ነው፤ ወደ ማዶው ደሴት ሰው የሚያመላልሰው መርከብ መካኒክ የነበረው፣ የእሷው ተማሪ። ገና በሩን ስከፍት ለክፍሉ ሁሉ "የቦዲል ባል ሊማር መጣ፣ ዛሬ በረዶ ሳይጥል አይቀርም" ብሎ አሳቀብኝ። ለካስ ዳቦ የማምጣት ተራ አላቸው። እኔ ባዶ እጄን ገብቼ የሰው ቀረፋ ዳቦ ስበላ አሮጊቶቹ በዓይን ይጠቃቀሳሉ።

ኤስቤን መቼም አፍ አለው። ይሄ ሁሉ እድሳት ምን ያደርጋል ብዬ ስነጫነጭበት፣

"አንተ በየዓመቱ ጀልባህን ከውኃ አውጥተህ ስንጥቁን የምትደፍነው ውኃ ስለገባ ነው?" አለኝ።

"እንዳይገባ ነዋ።"

"ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?"

የድሮውን ብሮውዘር ቀዳዳ ሌቦቹ ለይተው ያውቁታል፤ እድሳቱ ያንን መድፈኛ ነው አለኝ። ከላይ በስተቀኝ ካሉት ሦስት ነጥቦች ገብተህ፣ ስለ ብሮውዘሩ የሚለውን ስትከፍት ራሱ ፈልጎ ያድሳል፤ ከዚያ ዘግተህ መክፈት ብቻ ነው አለኝ። ይለፍ ቃልህን ሁሉ ቦታ አንድ ዓይነት አታድርግ፣ የማታውቀው ሰው የላከልህን አትክፈት፣ ሌላም ሌላም አለ። ግማሹን ሰማሁት፤ በግማሹ ሰዓት ልቤ ዳቦው ላይ ነበር። ገብቶኛል ብዬ ወጣሁ።

ቤት እንደደረስኩ ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። ሦስቱን ነጥቦች ስፈልግ አንዱን ማስታወቂያ ነካሁ መሰለኝ፣ ቀይ መስኮት ዘሎ ወጣ። አናቱ ላይ ዘውድ አለበት፣ ልክ ከመንግሥት በሚመጣው ደብዳቤ ላይ እንዳለው ዓይነት። ብሮውዘርዎ ጊዜው አልፎበታል፤ ዛሬውኑ ካላደሱ ከመንግሥት የሚደርስዎ ደብዳቤ ሁሉ ይቋረጣል፤ እዚህ ይጫኑ ይላል። መቼም እኛን ታውቂናለሽ፣ ዘውድ ያለበት ነገር ካዘዘን አንጠይቅም። ግብር ክፈሉ ሲለን እንከፍላለን፣ ጥርሳችሁን ታዩ ሲለን እንታያለን። እኔም ተጫንኩ። ማንነትዎን በስልክዎ ያረጋግጡ አለኝ፤ ስልኬን አንስቼ የሚስጥር ቁጥሬን መምታት ጀመርኩ። ጡረታችንም፣ ያጠራቀምነውም ሁሉ ከዚያ ቁጥር ጀርባ ነው ያለው።

እናትሽ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ፖም ትልጥ ነበር። ቢላዋውን አስቀምጣ ተነሳችና ከኋላዬ መጥታ እጇን እጄ ላይ ጫነች።

"አይንኩት" አለችኝ። ያንን ድምፅ ከሰማሁት ቆይቻለሁ፤ የአስተማሪነት ድምፅዋ ነው። "የሚያጣድፍዎትን ነገር አይመኑ። መንግሥት መቼ ተጣድፎ ያውቃል?"

"ዘውድ አለው እኮ" አልኳት።

"ዘውድማ ማንም ይሥላል። ይዝጉትና እድሳቱን ራስዎ ሄደው ይፈልጉ። መንገድ ላይ አስቁሞ ላድስልዎ የሚል ሌባ ነው።"

ስልኩን አስቀመጥኩ። ወንበር ስባ ከጎኔ ተቀመጠች። በገዛ ቤቷ የመታጠቢያ ቤቱ በር የሚጠፋባት ሴት ሦስቱን ነጥቦች ሳትፈልግ አገኘቻቸው። አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተችም፤ የጀመሩት ነገር ካለ ያስቀምጡ፣ አሁን ይዘጋል ብላ አስጠነቀቀችኝ። የእድሳቱ መስመር ቀስ እያለ ሲሞላ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠበቅን።

"ክፍላችን ሲመጡ የመጀመሪያዎ ነው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ስምዎን ማን ልበል?"

"ቶርኪል።"

ፈገግ አለች። "የባለቤቴም ስም ቶርኪል ነው። እሱ ግን አይመጣም፣ ግትር ነው። ስንት ዓመት ለመንኩት። ስለ ኮምፒዩተሩ ብዬ አይደለም፣ ጎኔ ቁጭ እንዲልልኝ ነበር።"

"ይመጣል" አልኳት።

"አያውቁትም እርስዎ" አለችኝ።

አለቀስኩ፣ ሲሰል። ላንቺ ምን እደብቃለሁ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷ ማሽኑ ያስቸገረኝ መስሏት ጀርባዬን መታ መታ እያደረገች፣ አይዞዎት፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው እንዲሁ ነው አለችኝ።

በማግስቱ ኤስቤን መጥቶ ኮምፒዩተሩን ፈተሸልኝ፤ የሚስጥር ቁጥሬንም አስቀየረኝ። ከቦዲል በቀር ማንም ባላስጣለህ ነበር አለኝና ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ተማሪዋ ነኝ። ከማሞቂያ ጠጋኝነት ወደ ተማሪነት ማደግ ቀላል ሹመት እንዳይመስልሽ። የማውቀውንም ቢሆን እንደማላውቅ ሆኜ እጠይቃታለሁ፣ ደስ እያላት ታስረዳኛለች። ስታስረዳኝ ድሮ የማውቃት ቦዲል ናት። ድሮ በለመነችኝ ጊዜ ሄጄ ቢሆን እላለሁ፣ ግን ይህ አሁን ምን ይጠቅማል።

ትናንት ደግሞ እንዳየሽው ጥሪው እንደ መስታወት ጠርቶ ሠራ። እማዬ እንዴት አምሮብሻል አልሻት፣ ሳቀችልሽ። ስለ አገራችሁ ነፋስ ጠየቀችሽ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀችሽ፣ አንቺም ደስ ብሎሽ ተሰናበትሽን። ደህና ናት ብለሽ እንደተኛሽ አውቃለሁ። አስተውለሽ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ስምሽን አልጠራችም። እኔ ከጎኗ ሆኜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጠበቅኳት። አሁን ትላለች፣ አሁን ትላለች ስል አለቀ።

ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ ወደ እኔ ዞራ፣ "ይህች ደግ ልጅ ማን ናት?" አለችኝ።

"ሲሰል ናት" አልኳት። "ኒውዚላንድ ነው የምትኖረው።"

ራሷን ነቀነቀች።

"ሩቅ ነው" አለች። "ምስኪን እናቷ፣ በናፍቆት ነው የምታልቀው።"

ኮምፒዩተሩን ዘጋሁት። ለገና ወይስ ለበጋ ላልሽው ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ጤና ይስጥሽ፣ የነካሽው ሁሉ ይሳካልሽ፣ መንገድሽንም ያቅናልሽ።

አባትሽ
ቶርኪል