ፈራሁ ማለት

ይድረስ ለአባባ፤

እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ ደህና ነን ብዬ ልለፈው ነበር፤ አልሆን አለኝ።

ልጅዎ አምሐ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው። አይደንግጡ፣ ሰው አልገደለም። ሌክ ሜሪት የሚሉት ሐይቅ አጠገብ የታክሲው ጎማ ተንፍሶበት ሲቀይር፣ አንድ ነጭ ከፎቅ ወርዶ ሌባ እያለ የቤዝቦል ዱላ አነሳበት። መኪናው የኔ ነው ቢለው ማን ሰምቶት። አንዴ ትከሻውን አለው፤ ሊደግመው ሲል አምሐ በያዘው የጎማ መፍቻ ክንዱን ሰበረው። ታዲያ የተከሰሰው ማን ይመስልዎታል? የኛው ሰው።

የቆመችለት ጠበቃ እንዳስረዳችኝ፣ እዚህ አሜሪካ ፈርቼ ነው የመታሁት ያለን ሰው ሕጉ ይከላከልለታል። አምሐን ግን ፖሊሶቹ በማግስቱ ቤት መጥተው ፈርተህ ነበር ወይ ቢሉት፣ ምን አባቱ ያስፈራኛል፣ የማን ልጅ መሰልኳችሁ ብሏቸው ቁጭ። ሪከርድ አድርገውታል። አሁን ዐቃቤ ሕጉ፣ ካልፈራ በንዴት ነው የመታው እያለ ነው። ከተፈረደበት መታሰሩ ብቻ አይደለም፣ ግሪን ካርዱንም ይቀሙታል።

ግራ የገባኝ ሌላም አለ። አምና ሳን ሆዜ ከተማ አንድ ነጭ ደጁ ላይ የቆመ ጥቁር ልጅ ተኩሶ ገደለ። ልጁ ባዶ እጁን ነበር። ሰውዬው ፈራሁ አለና በነጻ ተለቆ ቤቱ ገባ። እንግዲያው አምሐም ፈራሁ ቢል ይለቁታል ወይ ብዬ ጠበቃዋን ጠየቅኳት። እሷም፣ ጁሪ የሚሏቸው ተራ ፈራጆች ጥቁር ሰው አስፈራኝ ሲሏቸው ቶሎ ያምናሉ፣ ጥቁሩ ራሱ ፈራሁ ሲል ግን ይጠራጠራሉ፤ ካላለ ደግሞ ጭራሽ ተስፋ የለውም አለችኝ። ይኸ ምን የሚሉት ሕግ ነው? ፍርሃትም በቀለም ይለያያል እንዴ፣ አባባ? እኔ እንጃ፣ ሳስበው ጭንቅላቴ ይዞርብኛል።

አምሐ ደግሞ ፈራሁ አልልም ብሎ ሙጭጭ ብሏል። አባቴ ቢሰማ ምን ይለኛል ይላል፣ በዚህ ዕድሜው። እባክዎ፣ ኮል ያድርጉለትና ፈራሁ ማለት ነውር አይደለም ይበሉት። ከእርስዎ አፍ ካልሰማ አይናገርም። እኔ መጻፌን ግን እንዳይነግሩት።

ጠበቃዋ መፍራቱን የሚያሳይ ማስረጃ አለሽ ወይ ብላኝ ነበር። የለኝም አልኳት። ያን ዕለት የለበሰውን ሱሪ ከአልጋ ሥር እንደረጠበ ሸሽጎት አግኝቼ፣ ፖሊሶቹ ሳይመጡ አጥቤዋለሁ። ደም አልነበረበትም። እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አላነሳሁበት።

ዕድሜና ጤና አይንፈግዎት፤ ጸሎትዎ አይለየን።

የልጅዎ ሚስት