ከመርዶዬ በፊት ስለማደርገው አጭር የባሕር ዳርቻ ዕረፍት

ደብረ ታቦር
የካቲት ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ አያሌው
የግራሩ ሥር ሰፈር መረዳጃ ዕድር ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ደኅና መሆኔን ከእኔ ይልቅ እርስዎና የዕድሩ አባላት አጥብቃችሁ ስለምትከታተሉት እንግዳ አይሆንብዎትም። የወገብዎ ሕመም ቀለል ብሎልዎት፣ ልጅዎም በአዲሱ ትዳሯ ደልቷት፣ የቤትዎን በር ክፉ ወሬ ሳያንኳኳው እንዲኖሩ ምኞቴ ነው። ክፉ ወሬ ሳያንኳኳ ሰው ደጅ ቆሞ ምን ያህል ሊከርም እንደሚችል እርስዎ ከማንም በላይ ያውቃሉና።

ይህን ደብዳቤ የዕድራችን ድንኳን በሚቀመጥበት ቤት በር ላይ ለጥፌ ሁሉም እንዲያነበው ያደረግሁት፣ ከመጪው ማክሰኞ ጀምሮ ጥቂት ቀን ከሰፈር ስለምጠፋ፣ ሳትሰናበት ሄደች እንዳልባል ነው። ሁዳዴ ሳይገባ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ባሕር ዳርቻ ለዕረፍት እሄዳለሁ። በጡረታ የምትኖር የጂኦግራፊ መምህርት የባሕር ዳርቻ ዕረፍት ከየት መጣባት ይሉ ይሆናል። አሳቡን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። አንድ ልጄ ይሻው የት እንደደረሰ በጠየቅሁዎት ቁጥር «ባሕሩ ዳር ሥራ ይዟል፣ ስልኩን ሰርቀውት ነው እንጂ ደኅና ነው» እያሉ ሲያጽናኑኝ ከርመዋል። ደኅና ከሆነ ሄጄ ላየው ነው። ደኅና ካልሆነ ደግሞ፣ መርዶዬን ታቅፈው ስድስት ወር የተቀመጡት እርስዎ እስከ ሰኞ ጎሕ ድረስ ያምጡልኝ። ጉዳዬ ይኸው ነው፤ የቀረው ምስጋና ነው።

አስቀድሜ የጉዞዬን ዕቅድ ላስረዳ፤ በችኰላ የተሰናዳ ስለሆነ ጉድለት ቢገኝበት ይታረማል። ፓስፖርት አለኝ። ይሻው «ኢየሩሳሌምን የማሳልምሽ እኔ ነኝ» ብሎ ያስወጣኝ ነው፤ ቀኑ ገና አላለፈም። መኪናም ተገኝቷል፤ የይፋጉ ሾፌር ነጂብ ዕቃ ሊጭን ስለሚወርድ ጋቢና ሊያስቀምጠኝ፣ የቪዛውንም ነገር ሊጨርስልኝ ቃል ገብቷል። ነጂብን ያውቁታል፤ የአደም ታላቅ ወንድም ነው፤ አደም ባሕሩን ሊሻገር ከይሻው ጋር አንድ ጀልባ ላይ ተሳፍሮ የነበረው፣ በነሐሴ ብቻውን የተመለሰው። «ባሕር ዳርቻ ትንሽ ልዝናና ብዬ ነው» ስለው «እሺ እትዬ» አለና ጎማ ሊያይ ከመኪናው ሥር ገባ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ ፊቱን በግራሶ ጨርቅ ጠርጎ ነበር፤ ላብ ነው አለኝ፣ እኔም ላብ ነው አልሁት።

ማደሪያውም አላሳሰበኝም። ሾፌሮች ከሚያድሩበት ቤት ሰገነት ላይ ፍራሽ ይከራያል አሉ፤ እንደ እኔ ላለች ቆጣቢ ጎብኚ ይበቃል፣ ከሰገነቱም ባሕሩ ይታያል። ዕድሜዬን ሙሉ በሰማያዊ ጠመኔ ስሥለው የኖርሁትን ነገር በዓይኔ ላየው ነው። ከተማሪዎቼ ስለ ስፋቱ ያልጠየቀኝ የለም፤ ስለ ጥልቀቱ የጠየቀኝ ግን አላስታውስም። ጓዜም ቀላል ነው። እህቴ ከጉና የላከችው የገብስ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጥቂት በርበሬ፣ የይሻው ጋቢ። ጋቢውን ልያዘው ወይስ ልተወው በሚለው ላይ ምክርዎን ብሰማ ደስ ባለኝ ነበር፤ ባሕሩ ዳር ሙቀት ነው ይላሉ፣ ባሕሩ ውስጥ ስላለው ብርድ ግን የነገረኝ የለም።

ከመሄዴ በፊት ዕድሩ የዋለልኝን ውለታ በተራ ቁጥር ለይቼ ላመስግን።

፩ኛ. ጊዜ ስለመረጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። አደም በተመለሰ ማግሥት ሽማግሌዎች እርስዎ ቤት ተሰብስባችሁ እንደመከራችሁ አውቃለሁ፤ የሰፈራችን ግድግዳ ጭቃ ነውና ውሎ አድሮ ቃላችሁን ሳያዛንፍ አድርሶልኛል። መጀመሪያ ፍልሰታ ነው፣ ጾመኛ ናት፣ አንጀቷ አይችልም አላችሁ። ቀጥሎ ዘመን መለወጫ፤ ዓመት በዓሏን አናበላሽባት። ቀጥሎ መስቀል። ቀጥሎ ደም ግፊቷ። ቀጥሎ ታላቅ እህቷ ሳትኖር እንዴት ይሆናል፤ እህቴ ደግሞ ጉና ላይ ገብስ አጨዳ ይዛለች፤ አጨዳው ሲያልቅ መንገዱ ተዘጋ፤ መንገዱ ሲከፈት ጥር ገባ። ጥር የሰርግ ወር ነው። ወደ ጥር ኋላ እመለሳለሁ።

፪ኛ. ስለ ዝምታችሁ አመሰግናለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእናንተው ግን እኔ ቤት ገብቶ ነቅዟል። እኔ ስደርስ ወሬ ይቋረጣል። ገበያ ላይ የአደም እናት ሐሊማ ጨው ከሰፈረችልኝ በኋላ ገንዘቤን አልቀበል ብላ ፊቷን ታዞራለች፤ ልጇ ስለተመለሰላት ዕዳ ያለባት ይመስል። ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ ደግሞ በሩ አጠገብ ያለችውን የይሻውን በርጩማ ዞሮ ያልፋታል እንጂ አይቀመጥባትም። ሌላ መቀመጫ ጠፍቶ እንኳ ቆሞ ይጫወታል። መጀመሪያ ይገርመኝ ነበር። አሁን እኔም ከእናንተ ተምሬ ብቻዬን ስሆንም ዞሬ አልፋታለሁ፤ ቤቱን ስጠርግም «እግርህን አንሣልኝ» ስል ራሴን ሰምቼዋለሁ።

፫ኛ. ስለ ሙላቴ። የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ሰው በሞተ ቁጥር ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ በየደጁ እንደሚያውጅ የታወቀ ነው። ነገር ግን ማንም ባልሞተበት ማለዳም በእኔ ደጅ ያልፋል። አረማመዱን አውቀዋለሁ፤ ግራ እግሩን ይጎትታል። አጥሬ ሥር ሲደርስ ይቆማል። ሊነፋ ትንፋሹን ሲስብ እሰማዋለሁ፤ እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ የራሴን ትንፋሽ እይዛለሁ። ከዚያ ግራ እግሩ ይጎተትና ይርቃል። ሙላቴን አልቀየመውም፤ እርስዎ ሳያዙት መንፋት አይችልም፣ ሳይነፋ ማለፍም አልቻለም። ሌላው ሰው ልጁ ሲሞት አንድ ቀን ይረዳል። እኔ በየማለዳው ልረዳ ተዘጋጅቼ ሳልረዳ እውላለሁ። በየማለዳው ልጄ ይሞታል፤ ረፋድ ላይ እናንተ መጥታችሁ ደኅና ነው ትሉኛላችሁ።

፬ኛ. ስለ ባለቤትዎ ስለ ወይዘሮ ሠናይት ትሕትና። በጳጉሜን፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እጄን ያዘችኝና «የይሻው ክርስትና ስሙ ማን ነው? በጸሎት እንዲያነሡት ለአባ ልሰጥ ብዬ ነው» አለችኝ። እጇ ውርጭ እንደመታው ድንች ነበር። የክርስትና ስም ለሕያውም ለሙትም ይጠራል፤ ለሕያው የሚጠይቅ ሰው ግን ዓይኑን መሬት ላይ አይተክልም። የሟች ፍትሐት ያለ ክርስትና ስሙ አይደረግም። ጣቴን አጥፌ ባሰላው አርባው እየደረሰ ነበር። ስም ሰጠኋት፤ ጉንጯን ሳምኋት፤ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ልጄ እንደሞተ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

አላለቀስሁም። በእኛ አገር መርዶ ይነገራል እንጂ አይጠየቅም፤ ያልተነገራት እናት ብታለቅስ ደግሞ በልጇ የምታሟርት ትባላለች። እውነቱን ልናገርና፣ ፈርቼም ነበር። ካልነገሩኝ አልሞተም ማለት ነው የሚል ቀጭን ክር ይዤ ነበር፤ ክሩ እጄን እስኪቆርጠኝ አልለቀቅሁትም። ያን ክር ያቀበሉኝ እርስዎ ነዎትና ስለ እርሱም አመሰግናለሁ።

፭ኛ. አሁን ወደ ጥር ልመለስ። ድንኳናችን አንድ ነው፤ ለሐዘንም ለደስታም የሚተከለው ያው ነው። የእኔ ለቅሶ ቢቀድም ኖሮ የእርስዎ ልጅ ሰርግ ሊገፋ ነበር፤ ጠላው ተጠምቆ፣ በሬው ተገዝቶ፣ አማቾች ቀን ቆርጠው። አልቀየምሁም ብል እዋሻለሁ፤ ግን የሞተ ልጅ ይጠብቃል፣ ሙሽራ አትጠብቅም ብዬ ራሴን አባበልሁ። የተቀየምሁት በሌላው ነው። «እትዬ ፈንታነሽ ካልመራችው ሰርጉ አይደምቅም፤ ሙሽራዋን ያስተማረች እርሷ ናት» ብላችሁ እጄን ይዛችሁ መሀል አወጣችሁኝ። እኔ እንደማውቅ አታውቁም ነበር። እናንተ ግን ታውቁ ነበር።

እልል አልሁ። እስክስታ ወረድሁ። ከራሴ በላይ ቀና ስል ድንኳኑን አየሁት፤ የልጄ ለቅሶ ሊለቀስበት በሚገባው ድንኳን ሥር ትከሻዬን እያራገፍሁ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ያነባሉ፤ «የደስታ ነው» ይባባላሉ። እርስዎም ጭብጨባውን እያደመቁ እኔን ላለማየት ጣራ ጣራውን ያዩ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ አይደል? ሙሽራዋ ብቻ ተነሥታ መጥታ አንገቴን አቅፋ፣ በጆሮዬ «እትዬ፣ ይቅር በይኝ» አለችኝ። ከነሐሴ ጀምሮ በዚህ ሰፈር እውነት የነገረችኝ እርሷ ናት፤ ስለዚህ ትዳሯን ይባርክላት ስል ሽሙጥ የለበትም። ያ እልልታ ግን እስካሁን ጉሮሮዬ ውስጥ ቀርቷል፤ ውኃ ስጠጣ እንኳ አልወርድ ይላል።

፮ኛውን ምስጋናም ወቀሳም ልለው አልቻልሁም። ይሻው ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው በሐምሌ ነው። ከመሳፈራቸው በፊት መሆኑ ነው። «እማዬ፣ ባሕሩ ፊት ለፊቴ ነው፤ ስሚው» ብሎ ስልኩን ወደ ውኃው ዘረጋልኝ። «ትልቅ ነው?» አልሁት፤ ያስተማርሁት እኔ ሆኜ። «ፎገራ ላይ በክረምት ውኃ ሲተኛ አስቢው፤ ይኼኛው ግን ማዶ የለውም» ብሎ ሳቀ። ድምፁ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ያለሁበት እደርቃለሁ፤ በዝናቡ መሀል «እማዬ፣ ስሚው» ይለኛል። ክረምቱ ካለፈ ቆየ። ሰማዩ ጠርቷል፣ ቆርቆሮው ደርቋል። እኔ ግን አሁንም እሰማዋለሁ።

እንግዲህ ጉዞዬን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚለው አይጠፋም። እውነት ነው፤ ባሕር መቃብር አያሳይም። ቢሆንም ከበሶው ጎን በጨርቅ የቋጠርኋት አንድ ጭብጥ አፈር አለች፤ ከአባቱ መቃብር ላይ የዘገንኋት። ልጄ አፈር አልለበሰም። ሰው አፈር ካላለበሰው እናቱ ይዛለት ትሄዳለች። ከውኃው ጫፍ ቆሜም መርዶዬን ከራሱ ከባሕሩ እቀበላለሁ፤ እርሱ እንደ ዕድር ጊዜ አይመርጥም።

የምለምንዎት ግን ትንሽ ነው። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ነጠላችሁን ዘቅዝቃችሁ ኑ። ሙላቴም አጥሬ ሥር ሲደርስ አይለፍ፤ የሳበውን ትንፋሽ ይንፋው። ድንኳኑ አሁን ሥራ ፈትቷል፤ ይተከል። እህቴን ዛሬ ልኬባታለሁ፤ በበቅሎ ትደርሳለች፤ በእርሷም ማመኻኘት አይቻልም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ካለቀስሁ በኋላ የባሕሩ ጉዞም ይቀር ይሆናል፣ አላውቅም። የቤቴ በር አይቆለፍም።

ለሽማግሌነትዎ፣ ለርኅራኄዎና ለማያልቀው ትዕግሥትዎ ያለኝን የላቀ አክብሮት ዳግመኛ እየገለጽሁ፣ ለሰው ለቅሶ ከድንኳኑ ቀድማ የምትደርሰው፣ የራሷ ለቅሶ ግን እስካሁን ያልተፈቀደላት የዕድርዎ አባል፣

ፈንታነሽ
ጡረተኛ መምህርት

ግልባጭ፦
ለሙላቴ፣ ጥሩምባ ነፊ
ለወይዘሮ ሠናይት
ለይሻው፣ ባለበት

ማሳሰቢያ፦ በጳጉሜን ለወይዘሮ ሠናይት የሰጠኋት የክርስትና ስም የይሻው አይደለም፤ የአባቱ፣ የሟቹ ባለቤቴ ነው። ተደብቃችሁ ያስደረጋችሁት ፍትሐት ሁሉ ለእርሱ ደርሶታል፤ ተዝካሩ ከተበላ ዘመን ላለፈው ሰው ያልታሰበ ሲሳይ ነውና እግዜር ይስጥልኝ። ልጄን ግን እስከ ዛሬ በስሙ የጠራው የለም። የክርስትና አባቱ ስላረፈ ስሙን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሰኞ ጎሕ ደጄ ቆሞ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ «ልጅሽ ሞቷል» ለሚለኝ ሰው እነግረዋለሁ። የሚመጣ ከሌለ ለባሕሩ እነግረዋለሁ።