ቤታችን ውስጥ ስላልነበረው ግድግዳ

ለሕንፃ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የወገብዎን ጤና እመኛለሁ፤ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ምን ያህል እንደሚጎዳ በጽሕፈት ቤትዎ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰባት ሳምንት ተቀምጬ ተረድቼዋለሁና። በዚያ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ የምንገፋፋ ባለጉዳዮች ሁሉ በየሆዳችን የምንጠይቀውን ዛሬ በዚህ ጋዜጣ በአደባባይ ልጠይቅዎ፤ ለመሆኑ ቤቱና ወረቀቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ መታረም ያለበት የትኛው ነው?

እኔ ባለፈው ዓመት በአርክቴክቸር የተመረቅሁ፣ ሜትር ከቦርሳዬ የማይለይ ወጣት ነኝ። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ዐይኗ ክር ከመርፌ ማገናኘት ሲያቅተው «ቤትም እንደ ኮት ተፈትቶ ይሰፋል፣ አንቺ ለኪ፣ እኔ ቀሪውን አውቃለሁ» አለችኝና አንድ ያረጀ ቤት ገዝተን፣ አድሰን ልንሸጥ ተነሣን። ኮርኒሱን ቀየርን፣ መስኮቶቹን አሰፋን፣ ደጃፉ ላይ የነበረውን ደረጃ አንስተን በቀስታ ዘንበል ባለ መግቢያ ተካነው። ገዢም መጣች። መምህርት ናት፤ እናቷ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ሲሆኑ፣ አሁን የሚኖሩት ሁለተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ ከቤት የሚወርዱት በሰው ሸክም ብቻ ነው። እናትየው ከደጃፉ ገብተው፣ ሳሎኑን አቋርጠው፣ ወጥ ቤት ደርሰው፣ ማንም ሳይገፋቸው ተመለሱ። ከዚያም ያንኑ መንገድ ደገሙት። አክስቴ በዚያች ደቂቃ ቤቱን ለሌላ ሰው እንደማታሳይ ቃል ሰጠች። የመምህርቷ አከራይ በወሩ መጨረሻ እንዲለቁ ነግሯቸዋል፤ በምትኩ የተገኘው ቤት ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ዛሬ የቀረን አሥራ አንድ ቀን ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስም ለማዛወር ስንመጣ ከመዝገብ ቤትዎ የአርባ ዓመት ፕላን አቧራው እንኳ ሳይነካ ተገኝቶ ስለቀረበልን አመሰግናለሁ። በፕላኑ ላይ በሳሎኑና በወጥ ቤቱ መካከል ግድግዳ ተሥሏል። ቤቱን የሠሩት ሰው ሐሳባቸውን ለውጠው ይሆናል እንጂ ግድግዳውን በዐይኑ ያየ ሰው የለም፤ የወለሉም ንጣፍ ከጥግ እስከ ጥግ አንድም ቦታ ሳይቆረጥ ያልፋል። የአራተኛው መስኮት ባልደረባዎ ግን «ፕላኑ ላይ አለ፣ ቤቱ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ያለ ፈቃድ አፍርሳችሁታል» ሲሉ በሦስት እርምጃ ጨረሱት። አክስቴ እስከ ዛሬ ስንት ደንበኛ ቢነዘንዛትም ያልሰፋችውን እጅጌ ቆረጥሽ ተብላ እንደማታውቅ ብትነግራቸው፣ «እናቴ፣ ይህ ልብስ አይደለም» ብለው አረሟት።

ሁለተኛ፣ መፍትሔ ስላልነፈጉን አመሰግናለሁ። የቆመ ግድግዳ ለማፍረስ ቅጽ አለ፤ ያልነበረ ግድግዳ ከፕላን ለመሰረዝ ግን ቅጽ የለም። ስለሆነም እኚሁ ባልደረባዎ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ታላቅ ወንድም፣ ግድግዳውን እንድናቆመው፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ እንዲያየው፣ ከዚያም የማፍረሻ ፈቃድ ወስደን እንድናፈርሰው መከሩኝ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። በጽሑፍ ይሰጡኝ አላልኩም። ጭራሽ እጃቸውን ጨብጬ፣ መንግሥት ቤትም ቅን ሰው አለ እያልኩ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ሦስተኛው ምስጋና የግንበኛችን ነው። መጠሪያው ቱምቢ ነው፤ ግድግዳ ቀጥ ማለቱ እንደሚለካበት እንደ ቱምቢው ክር እሱም ወደ ግራም ወደ ቀኝም ማለት አያውቅም። ለይስሙላ ስለሆነ በጭቃ ደርድረው ብዬ ብነግረው ሁለት ቀን ተኮሳተረብኝ። «ኢንጂነሯ፣ እንዲፈርስ ብዬ ልሠራ ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለ» አለኝና ብሎኬቱን በሲሚንቶ አቁሞ፣ ለስኖ፣ ጠርዙን በእርጥብ ስፖንጅ አሽቶ አስረከበን። በቤቱ ውስጥ ካለው ግድግዳ ሁሉ ቀጥ ያለው እሱ ነው።

አራተኛ፣ ተቆጣጣሪው ግድግዳው ባለቀ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መጡ። ለኩ፣ በጣታቸው አንኳኩ፣ «ጎበዝ ግንበኛ አላችሁ» አሉ። ቱምቢም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ከዚያም «ያለ ፈቃድ የተገነባ አዲስ ግድግዳ ተገኝቷል» ብለው ጻፉና መንካት ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ቀይ ወረቀት ለጠፉበት። ስለዚህ በአሁኑ ሰዓት በአንድ ፋይል ውስጥ፣ በአንድ ቦታ ላይ፣ ግድግዳ በማፍረስም በመገንባትም ተከሰናል። የአራተኛው መስኮት ባልደረባዎ ያን ምክር መስጠታቸውን አያስታውሱም።

አምስተኛ ልጽፍ ነበር፤ ደከመኝ። ይልቅ ያየሁትን ብቻ ልንገርዎ። ባለፈው ቅዳሜ እናትየው ለመጋረጃ ሊለኩ መጡ። አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ፣ አልነገርኩም። ሳሎኑን አቋርጠው ግድግዳው ጋ ደረሱና ወንበራቸውን አቆሙ። መዳፋቸውን ልስኑ ላይ አሳርፈው፣ «ሲያምር» አሉ፣ «ታዲያ እኔ በየት በኩል ልዙር?» ወደ ወጥ ቤት የቀረው መንገድ በጓሮ ነው፣ ሦስት ደረጃ አለው። መምህርቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። አክስቴ ሜትሯን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች።

ክቡር ሆይ፣ እኔ አሁንም ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ገና በመጀመሪያው ቤቴ ተስፋ ከቆረጥኩ ቀሪውን ዕድሜ በምን እገፋዋለሁ? የምለምነው አንድ ገጽ ነው፤ አፍርሱ የሚል፣ ፊርማና ማህተም ያለበት፣ ወሩ ሳያልቅ። በቤታቸው ያልነበረ ግድግዳ፣ በር ወይም ጉድጓድ በፕላናቸው ላይ የተገኘባቸው ሌሎች ባለጉዳዮችም በዚሁ ጋዜጣ አድራሻ ቢጽፉልኝ፣ ቅጹን ተባብረን አዘጋጅተን በነጻ እናበረክትልዎታለን።

መልስዎን ቆማ የምትጠብቅ፣ ወንበሩን ለሌሎች የለቀቀች፣
የልብስ ሰፊዋ የእህት ልጅ

ማስታወሻ፦ የጽሕፈት ቤትዎ ፕላን በመስታወት ተከቶ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። ሰባት ሳምንት የሚነበብ ሌላ ነገር ስላልነበረኝ በደንብ አጥንቼዋለሁ። በእርስዎ ቢሮና በአራተኛው መስኮት መካከል፣ በየቀኑ ለሻይ በሚያልፉበት ቦታ ላይ፣ ፕላኑ ላይ ግድግዳ አለ። ቱምቢ ሠላሳ ሁለት ብሎኬት ተርፎታል፤ ማክሰኞ ጠዋት ይመቸዋል።