ተነሺ፣ ነጋ

ይድረስ ለእማዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። ፊደሉ ዶሮ የጫረው ቢመስልም የራሴ ጽሕፈት ነው፤ ሰው አላጻፍኩም። ስፌቱ ከእጄ ከወጣ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው።

አትደንግጪ። ደብቄሽ ቀኝ እጄን ቀዶ ጥገና ተደርጌ ነበር። ነገሩ የጀመረኝ አምና ነው። ቀኑን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስቆርጥ እውልና ሊነጋጋ ሲል ጣቶቼ ደንዝዘው፣ እየነዘሩኝ እባንናለሁ። ሥራ ቦታም መቀስ ከእጄ ይወድቅ ጀመር። አለቃዬ ፍቅር ይዟታል እያለች ታሾፍብኝ ነበር። አንድ ቀን ግን የጋለ ካውያ ጣቴን ሲያቃጥለው ሕመሙ ሳይሆን ሽታው ነው የነገረኝ። ያን ጊዜ ፈራሁና ሐኪም ቤት ሄድኩ።

የእጅ ሐኪሟ አንጓዬን መታ መታ ስታደርገው እስከ ጣቶቼ ጫፍ ነዘረኝ። እዚያ ውስጥ ነርቩ የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ አለ፤ ሲያብጥ ነርቩ ይታፈናል አለችኝ። ከዚያ ማለዳ ስነቃ ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ። እጄን አራገፍኩና ሳላስበው “ተነሺ፣ ነጋ” አልኩ።

እማዬ፣ ያልኩትን ስሰማ እንባዬ መጣ። ሐኪሟ ያሳመመችኝ መስሏት ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ልጅ ሆኜ አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ በየማለዳው እጅሽን እያራገፍሽ እንዲህ ትዪ ነበር። ለእኔ መስሎኝ እየተነጫነጭኩ እነሳና ዕቃ አጥባለሁ። ለጓደኞቼም ጨካኝ እናት አለችኝ እያልኩ አማሻለሁ። ለካ እጅሽን ነበር የምትቀሰቅሺው። አንድም ቀን አንቺን አይደለም አላልሽኝም። ብትዪኝ እጅሽ ምን ሆነ ብዬ እጠይቅሽ ነበራ።

የክንዴን ጠባሳ ታውቂዋለሽ። ማንቆርቆሪያው ከነፈላ ውኃው ከእጅሽ ያመለጠ ዕለት አክስቴ ዝርክርክ ብላ ሰደበችሽ። እኔም በሆዴ ዝርክርክ እያልኩሽ አደግሁ። ሩቅ አገር ሥራ ሳገኝ ደህና ዋይ እንኳ በቅጡ ሳልልሽ ሄድኩ። ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ።

ቀዶ ጥገናው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ለደነዘዘ እጅ ማደንዘዣ ምን ይሠራል ብዬ ነርሶቹን አሳቅኳቸው። ቁስሉ ሳይደርቅ ገና እንቅልፌ ተመለሰ፤ ከስንት ዘመኔ ተኝቼ አረፈድኩ።

አንድ ነገር ግን አስግቶኛል። ብዙ ከቆየ የአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ያኔ ጠባቡ መንገድ በቀዶ ጥገና ቢከፈትም ሙሉ በሙሉ አይመለስም ብላኛለች ሐኪሟ። አንቺ የስፌት መኪናሽን ለጎረቤት የሰጠሽው ዓይኔ ደከመ ብለሽ ነው። ባለፈው ስመጣ ግን የቀሚሴ ቁልፍ መፈታቱን በሩን ልዘጋ ዞር ስል ከሩቅ አይተሻል። ከጀርባዬ ስለሆነ ቆልፊልኝ ብልሽ፣ ጎረቤትሽን ጠራሽልኝ።

ለወሩ መጨረሻ ሰኞ እሷው ዘንድ ቀጠሮ ይዤልሻለሁ። እምቢ እንዳትዪኝ። አልጋዬ ሰፊ ነው፤ እንደ ድሮው አብረን እንተኛለን። ማለዳ “ተነሺ” ስትዪ እኔም እነሳለሁ፤ ዕቃው ይቆይና እጅሽን እኔ አራግፍልሻለሁ።

እስክንገናኝ ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ።

ሳትጠሪያት ትነሳ የነበረችው
ልጅሽ