የጀልባው አፍንጫ

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ልጄን የሺን ለትዳር የጠየቀኝ ጀልባ ቀዛፊ ዛሬ ዓባይን አሻገረኝ። «ማዶ፣ ልክ ሾላው ሥር አወርድዎታለሁ» ብሎ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ላይ፣ ከሾላው በላይ ወዳለው ገደል አዞረ።

«ሾላው እኮ ወዲያ ነው» አልኩት።

«ወደ ሾላው ከቀዘፍኩ፣ አባቴ፣ ውሃው ቁልቁል ይወስደንና ሾላውን ከሩቅ ይሳለሙታል።»

አልሳቅሁም። ዳዊቴን ያዝ አደረግሁ። ገደሉን እያየን፣ በጎን እየተንሸራተትን ልክ ሾላው ሥር ደረስን።

ያሳሰበኝም ይኸው ነው። ፊቱን ወዲያ አዙሮ ወዲህ መድረስን እንዲህ የለመደ ሰው «ከየሺ በቀር መሬትም ከብትም አልሻም» ሲለኝ ወዴት እየቀዘፈ ይሆን? እናቷ ብትኖር ትለየው ነበር። ለእሑድ መልስ እሰጥሃለሁ ብዬዋለሁ። ሚካኤል ሆይ፣ ጠማማው እሱ ነው ወይስ ዓይኔ?